አብሮ ዝም ማለት፦ ቃሉን በተመስጦ ለማንበብ ለሚሰባሰቡ

በአገራችን ክርስቲያን ተሰብስቦ መጸለይ አይቸግረውም። ሰንበቴው፣ የጽዋ ማኅበሩ፣ የቤት ለቤት ኅብረቱ፣ የሰበካው ትንሽ ማኅበር በየሳምንቱና በየወሩ ሰው ይሰበስባል። የሚቸግረው ተሰብስቦ ዝም ማለት ነው። ስድስት ሰው አንድ ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብሎ አንዲት የወንጌል ታሪክ ከሰማ በኋላ ያለ ዝማሬ፣ ያለ ትምህርትና ያለ ምስክርነት 5 ደቂቃ ይቆይ ሲባል፣ ገና ሁለተኛው ደቂቃ ላይ አንዱ ጉሮሮውን ይጠራርጋል፣ ሌላዋ መጽሐፉን ታገላብጣለች፣ ሦስተኛው «እንግዲህ…» ብሎ ማብራራት ይጀምራል። ይህ ጽሑፍ ያንን «እንግዲህ» ለሌላ ቀን አቆይታችሁ ቃሉን አብራችሁ ለመስማት ለምትፈልጉ ነው። ከመመሪያው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፦ የቡድኑ ዋና ሥራ ዝምታውን መጠበቅ ነው፤ ሌላው ሁሉ ለእሱ አገልጋይ ነው።

መንገዱ አዲስ አይደለም። በ6ኛው መቶ ዘመን ቅዱስ ቤኔዲክቶስ ለመነኮሳቱ በጻፈው ሥርዓት ምዕራፍ 48 ላይ ለእጅ ሥራና ለመንፈሳዊ ንባብ በየዕለቱ የተለየ ሰዓት መድቧል። በ12ኛው መቶ ዘመን ደግሞ በፈረንሳይ ተራሮች መካከል የሚገኘው የግራንድ ሻርትሩዝ ገዳም አለቃ የነበረው ዳግማዊ ጊጎ ለዚያ ንባብ አራት እርከን ሰጠው፦ ማንበብ፣ ማሰላሰል፣ መጸለይ፣ በእግዚአብሔር ፊት በጸጥታ መቆየት። ይህን ምዕራባውያን «ሌክቲዮ ዲቪና» ይሉታል። 2ኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው ስለ መለኮታዊ መገለጥ በሚናገረው ሰነዱ ምእመናን ሁሉ መጽሐፍ ቅዱስን ከጸሎት ጋር እንዲያነቡ አሳሰበ፤ ከዚያ ወዲህ ዘዴው ከገዳም አጥር ወጥቶ በየሰፈሩ ሳሎን ገብቷል።

ምሥራቁም ከዚህ የራቀ አይደለም። ዮሐንስ ካስያን በ5ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ እንደ ጻፈው፣ የግብፅ በረሃ አባቶች የመዝሙር 70ን የመጀመሪያ ቁጥር ብቻ ይዘው በሥራም በዕረፍትም በልባቸው ይደጋግሙ ነበር። የእኛ መነኮሳት የሚያጠኗቸው ሦስቱ መጻሕፍተ መነኮሳት፣ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ፣ ከሶርያ አባቶች የተወረሱ ሲሆኑ ስለ ዝምታና ስለ ልብ ጸሎት በሰፊው ያስተምራሉ። ስለዚህ ኦርቶዶክሱም፣ ካቶሊኩም፣ ወንጌላዊውም ይህን መንገድ ከጎረቤት የተበደረው ነገር አድርጎ ማየት አይኖርበትም።

ማን፣ የት፣ መቼ

ከአራት እስከ ስምንት ሰው ይበቃል። ሦስት ብቻ ከሆናችሁ አንዱ የቀረ ዕለት ስብሰባው ይፈርሳል። ከስምንት ከበለጣችሁ ደግሞ እያንዳንዱ ጥቂት ሲናገር ሰዓቱ ያልቅና መጀመሪያ የሚቀነሰው ዝምታው ይሆናል። አሥራ ሁለት ሰው ከመጣላችሁ ሁለት ቦታ ተከፈሉ። ባልና ሚስት በአንድ ቡድን ቢሆኑ ክፋት የለውም። አለቃና ሠራተኛ ወይም አበዳሪና ተበዳሪ በአንድ ክበብ ሲቀመጡ ግን አንዱ ልቡን ሳይከፍት እንደሚወጣ አስቡ።

ሳሎን በቂ ነው። ቴሌቪዥኑ ድምፁ የተቀነሰ ሳይሆን የጠፋ ይሁን። ስልኮች ሌላ ክፍል ይቀመጡ፤ ሰዓት የሚይዘው መሪው ብቻ ነው። ወንበሮቹን ክብ አድርጉ። በቤታችን ትልቁ ሶፋ የትልቅ ሰው መቀመጫ ነው፤ እሱን ባዶ መተው ወይም ወደ ክቡ መሳብ ይቻላል። መሃል ላይ ትንሽ ጠረጴዛ፣ የተከፈተ መጽሐፍ ቅዱስና አንድ ጧፍ ወይም ሻማ ይበቃል። ኦርቶዶክሶች ከሆናችሁ ሥዕለ አድኅኖ ማኖር ትወዱ ይሆናል። ቡድኑ የተቀላቀለ ከሆነ ግን ስለዚህ ቀድማችሁ ተነጋገሩ እንጂ አንዱ እንግዳ በር ላይ አይቶ አይደንግጥ። ፍጹም ጸጥታ አትጠብቁ። አዲስ አበባ ውስጥ ከሆናችሁ ቁራሌው በመስኮቱ ሥር ማለፉ አይቀርም፤ ይለፍ። ድምፁን ከመናደድ ይልቅ ሰምቶ መተው በራሱ የልምምዱ ክፍል ነው።

ቡናው ከጸሎቱ በኋላ ይሁን። ቀድሞ ከተጀመረ በረካው ሳይጠጣ ማንም አይነሣም፤ ወሬውንም እንደ ሞቀ ይዛችሁት ወደ ጸሎት ትገባላችሁ። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩ ካሉ ስብሰባውን ረኀብ ከሚበረታበት ሰዓት አርቁት። በጠቅላላው አንድ ሰዓት ያህል ያስፈልጋችኋል። ቀኑንና ሰዓቱን አትለዋውጡ፤ ሳምንታዊ ቢሆን ይመረጣል፣ ካልተቻለ በየሁለት ሳምንቱ። በወር አንዴ ከሆነ በየጊዜው ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

ምን ይነበባል

ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ቁጥር ያለው አጭር ክፍል ምረጡ። ጀማሪዎች ከሆናችሁ ከወንጌል ታሪኮች ጀምሩ፤ ሰው፣ ቦታና ድርጊት ያለበት ታሪክ ለማሰላሰል ይቀላል። የኢያሪኮው ዓይነ ስውር በርጤሜዎስ (ማርቆስ 10፥46-52) ለመጀመሪያ ቀን ከማውቃቸው ሁሉ የተሻለው ነው። ማርታና ማርያም (ሉቃስ 10፥38-42)፣ ማዕበሉ (ማርቆስ 4፥35-41)፣ ከትንሣኤ በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር የተዘጋጀው ምግብ (ዮሐንስ 21፥1-14)፣ ኤልያስ በኮሬብ (1ኛ ነገሥት 19፥9-13) ሁሉ ጥሩ ናቸው። የትውልድ ሐረግ፣ ስለ ሕግና ስለ ጸጋ ጠለቅ ያለ ክርክር ያለባቸውን የሮሜና የገላትያ ክፍሎች፣ የራእይን አራዊት ለጊዜው ተዉ። የማይጠቅሙ ሆነው አይደለም፤ ወዲያው «ምን ማለት ነው?» ወደሚል ሙግት ስለሚወስዱ ነው።

ስለ መዝሙር አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በግእዙ ቁጥር የሚሄደው ዳዊት ከዕብራይስጡ ቁጥር በአብዛኛው በአንድ ያንሳል፤ የእረኛው መዝሙር በአንዱ 23፣ በሌላው 22 ነው። ሰው ሁሉ የየራሱን መጽሐፍ ይዞ በሚመጣበት ቡድን «መዝሙር 131ን ለሳምንት አንብቡ» ብላችሁ ከላካችሁ ግማሹ ሌላ መዝሙር አንብቦ ይመጣል። የመጀመሪያውን ሐረግ ጨምራችሁ ላኩ።

ትርጉሙም አንድ ይሁን። በ1954ቱና በአዲሱ መደበኛ ትርጉም መካከል ቃል እያወዳደሩ መቀመጥ ጥሩ ጥናት ነው፤ የዛሬው ሥራ ግን ጥናት አይደለም። አንድ ለየት ያለ ነገር እፈቅዳለሁ፦ ከመካከላችሁ አፍ የፈታው በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ የሆነ፣ ወይም አሜሪካ አድጎ እንግሊዝኛው የሚቀለው ወጣት ካለ፣ ሦስተኛውን ንባብ በእሱ ቋንቋ ያንብብ። ሌሎቻችሁ ቃሉን በሙሉ ባትረዱትም ታሪኩን ሁለቴ ሰምታችኋል።

አስቀድሞ የሚደረግ ስምምነት

በመጀመሪያው ቀን መሪው እነዚህን ነገሮች ጮክ ብሎ ይናገር፤ ከዚያም በኋላ አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ይድገማቸው።

አንደኛ፣ እዚህ ትርጓሜ አይሰጥም። በተለይ ለኦርቶዶክስ አንባቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ «እያንዳንዱ እንደ ፈቃዱ ይተርጉም» የሚል ነገር ሲሰማ ቢያመነታ እውነት አለው። የአንድምታ ትርጓሜ ዘመን የፈጀ ትምህርትና መምህር አለው። እዚህ የሚጠየቀው «ይህ ክፍል ምን ማለት ነው?» ሳይሆን «ዛሬ ሲነበብ ልቤን የነካው የትኛው ቃል ነው?» የሚለው ነው። የትርጉም ጥያቄ ከተነሣ በወረቀት ተጽፎ ለመምህሩ፣ ለንስሐ አባት ወይም ለመጋቢው ይወሰድ። ያ ወረቀት ከጠረጴዛው አይጥፋ። ብዙ ክርክር የሚበርደው ጥያቄው ተጽፎ ሲታይ ነው።

ሁለተኛ፣ ማንም ለማንም ምክር አይሰጥም፣ አያርምም፣ አያጽናናም። መጨረሻው ያስደነግጣል፤ እኛ ዘንድ ሰው ሲያዝን «አይዞህ» አለማለት ጭካኔ ይመስላል። አንዱ የተናገረውን ሌሎቹ ዝም ብለው ሲቀበሉት ግን ተናጋሪው ራሱ የተናገረውን እንደገና የመስማት ዕድል ያገኛል። አይዞህ ለቡናው ሰዓት ይቆይ።

ሦስተኛ፣ የተነገረው እዚያው ይቀራል። ምሥጢር በቡድን መካከል የሚወጣው በክፋት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ «ጸልዩላት፣ እንዲህ ሆናለች» በሚል መልካም ልብ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ባለቤቱ ሳይፈቅድ የጸሎት ርእስ አድርጎ ወደ ሌላ ቡድን መውሰድም ክልክል መሆኑን በግልጽ ተናገሩ።

አራተኛ፣ «ይለፈኝ» ማለት ይቻላል፤ ምክንያት አይጠየቅም።

ስለ መሪውም ይህን ልበል። መሪው አስተማሪ አይደለም። ሥራው ሰዓት መያዝ፣ ንባብ ማደላደልና ዝምታውን ማስጠበቅ ነው። ካህን፣ መጋቢ ወይም ሽማግሌ በመካከላችሁ ካለ አስቀድማችሁ ለብቻው አነጋግሩትና በመጨረሻ እንዲናገር ለምኑት፤ እሱ ከቀደመ ሌላው ሁሉ «አባ እንዳሉት…» እያለ ይቀጥላል። ይህን ማድረግ ማቃለል አይደለም። ቤኔዲክቶስ በሥርዓቱ ምዕራፍ 3 ለምክር ወንድሞች ሁሉ እንዲጠሩ ያዘዘው እግዚአብሔር የተሻለውን ነገር ብዙ ጊዜ ለታናሹ እንደሚገልጥ አምኖ ነው። ልጅ እግሩ ይጀምር።

ስብሰባው

መግቢያ፣ 5 ደቂቃ። ሰው ከታክሲ ወርዶ፣ ከሥራ ወጥቶ፣ ልጅ አስተኝቶ ነው የሚመጣው። ወዲያው አታንብቡ። መሪው በዝግታ እንዲህ ይበል፦ «እግራችሁን መሬት ላይ አሳርፉ። ትከሻችሁን ልቀቁ። ትንፋሻችሁን ሳታፋጥኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ተንፍሱ። ዓይናችሁን ብትጨፍኑም ባትጨፍኑም ይሁን።» ከዚያ አንድ አጭር የመንፈስ ቅዱስ ልመና ይጸልይ። እዚህ ላይ ረጅም መክፈቻ ጸሎት የለመዱ ብዙ ናቸው፤ መሪው ሦስት ዐረፍተ ነገር ጸልዮ ቢበቃው ሌላውም ያንን ይለምዳል።

የመጀመሪያው ንባብ። አንዱ ክፍሉን በዝግታ ያነብባል፤ ሌሎቻችሁ መጽሐፋችሁን ዘግታችሁ በጆሯችሁ ስሙ። ዓይን ካነበበ ቀድሞ ይሮጣል። አንባቢው እንደ ዜና አንባቢም እንደ ሰባኪም አይሁን፤ ልጅ ሳይነቃ ለታመመ ሰው እንደሚያነብ ሰው ያንብብ። ከንባቡ በኋላ 2 ደቂቃ ዝምታ። የሚፈለገው ታሪኩን መስማት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ንባብ። ሌላ ሰው፣ ቢቻል ድምፁ ከመጀመሪያው የተለየ፣ ለምሳሌ ከወንድ በኋላ ሴት፣ ያንኑ ክፍል ይድገም። መሪው አስቀድሞ «አንድ ቃል ወይም አንድ ሐረግ ቢይዛችሁ እዚያው ቆዩ፤ ወደ ፊት አትሂዱ» ይበል። 5 ደቂቃ ዝምታ። በዚህ ጊዜ ያንን ቃል በልብ ውስጥ ቀስ ብሎ መድገም ነው፤ እንደሚታኘክ ምግብ። ከዚያ እያንዳንዱ ቃሉን ብቻ ይናገራል፤ ለምን እንደ መረጠ አያስረዳም። በርጤሜዎስን ያነበበ ቡድን ውስጥ አንዷ «ቆመ» ልትል ትችላለች፣ አንዱ «ልብሱን»፣ ሌላው ብዙዎች ዓይነ ስውሩን ዝም እንዲል መገሠጻቸውን ይጠቅሳል። (ስለ ዝምታ የምንጽፍ ሰዎች ይህን ክፍል ማንበባችን ራሱ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ሕዝቡ የጫነበት ዝምታና ሰው ፈቅዶ የሚገባበት ዝምታ አንድ አይደሉም። በቡድናችሁ ውስጥ ሁልጊዜ ዝም የምትል ሴት ካለች የትኛው እንደ ሆነ አስተውሉ።)

ሦስተኛው ንባብ። ሦስተኛ ሰው ያነብባል። አሁን ጥያቄው ይለወጣል፦ «ይህ ቃል አሁን ባለሁበት ኑሮ የሚነካው ምኑን ነው?» 5 ደቂቃ ዝምታ። ከዚያ እያንዳንዱ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ይናገር፤ «እኔ» ብሎ ይጀምር እንጂ «እኛ ኢትዮጵያውያን» ወይም «የዘመኑ ሰው» ብሎ አይጀምር። «እኔ ለረጅም ጊዜ የምለምነውን ነገር በቃላት ተናግሬው እንደማላውቅ ታወቀኝ» ዓይነት ንግግር ነው የሚፈለገው። «ስለዚህ ወንድሞቼ፣ እኛም እንደ በርጤሜዎስ ልብሳችንን ልንጥል ይገባል» ከተባለ ስብከት ጀምሯል። አንዱ ተናግሮ ሲጨርስ መሪው አያጠቃልል፣ «በጣም ድንቅ ነው» አይበል። ሦስት አራት ትንፋሽ ያህል ዝም ካሉ በኋላ ቀጣዩ ይናገር።

አራተኛው ንባብና የተመስጦ ዝምታ። ክፍሉ ለመጨረሻ ጊዜ ይነበባል። አሁን ቃል መፈለግ የለም፤ ጥያቄ የለም። እያንዳንዱ በልቡ ለእግዚአብሔር የሚለውን ካለ በኋላ ይቀመጣል፤ 10 ደቂቃ። ጀማሪ ከሆናችሁ 5 ይበቃችኋል። በአንድ ጊዜ 20 ደቂቃ ልቀመጥ ያለ ቡድን በሦስተኛው ሳምንት ባዶ ሶፋ ያገኛል። በየወሩ ሁለት ሁለት ደቂቃ ብትጨምሩ በቂ ነው።

መዝጊያ። መሪው ድንገት ጮክ ብሎ አይጀምር፤ በለሆሳስ አቡነ ዘበሰማያትን ወይም አባታችን ሆይን ይጀምርና ሌሎቹ ይቀላቀሉ። ከዚያ ተነሡ። በአንድ መንፈስ የነበሩበትን አፍታ ወዲያው «እንዴት ነበር ግን?» ብሎ መገምገም አያስፈልግም።

በዝምታው ውስጥ

ዝም ባላችሁ ቅጽበት ሐሳብ ይመጣል፦ ያልተከፈለ ኪራይ፣ ጠዋት የተባላችሁት ነገር፣ ምሳ ላይ ያያችሁት ቪዲዮ። ይህ መውደቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ399 ያረፈው የበረሃው አባት ኤቫግሪዮስ ጸሎተኛን የሚያጠቁ ስምንት ዓይነት ሐሳቦችን ለይቶ የጻፈው እሱ ራሱ በገዳም እየኖረ ነው። የሐሳቡን ጭራ ተከትሎ መሄድም ሐሳቡን በኃይል ለማባረር መታገልም አያዋጣም። አየሁህ ብሎ መተው፣ ወደ ያዛችሁት ቃል መመለስ ነው። በ10 ደቂቃ ውስጥ ሃምሳ ጊዜ ብትመለሱ ሃምሳ ጊዜ ጸልያችኋል።

የሚመለሱበት አጭር ቃል ይኑራችሁ። ለኦርቶዶክሱ ይህ እንግዳ አይደለም፤ መቁጠሪያ ይዞ አርባ አንድ ጊዜ እግዚኦ ማለትን ያውቃል። እዚህ ግን ፍጥነቱ ይለወጣል፤ ቁጥር ለመሙላት የሚሮጠው ልምድ ቀርቶ አንዱን «እግዚኦ» ከትንፋሽ ጋር ማሳረፍ ነው። ወንጌላዊው «ኢየሱስ» ወይም «አባት ሆይ» ቢል ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ስፔንሰር በሚገኘው የቅዱስ ዮሴፍ ገዳም ሦስት የትራፒስት መነኮሳት፣ ዊልያም ሜኒንገር፣ ባሲል ፔኒንግተንና ቶማስ ኪቲንግ፣ በ14ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ ስሙ ያልታወቀ ሰው ከጻፈው «የአለማወቅ ደመና» ከተባለው መጽሐፍ ተነሥተው ለምእመናን ያዘጋጁት የጸሎት መንገድ መሠረቱ ይኸው አጭር ቃል ነው። እነሱ በቀን ሁለት ጊዜ 20 ደቂቃ ይመክራሉ። ለቤተሰብ ባለቤት ከበድ ይላል፤ ጠዋት 10 ደቂቃ ብትጠብቁ እኔ በቂ እላለሁ።

እንቅልፍም ይመጣል፤ በተለይ ማታ። የደከመ ሰው ቢያንቀላፋ አትቀስቅሱት፣ ካንኮራፋ ብቻ ክንዱን ነካ አድርጉት።

ሲበላሽ

የቡድን ጸሎት የሚበላሽባቸው መንገዶች ጥቂትና የታወቁ ናቸው።

ንግግር የሚያበዛ ሰው አለ። በዕድሜ ከመሪው የሚበልጥ ከሆነ ማቋረጥ ያስፈራል። «ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን፤ ቃሉን ይዘን ትንሽ ዝም እንበል» ማለት ንግግሩንም ያከብራል፣ በሩንም ይዘጋል። ከተደጋገመ ግን በቡድን ፊት ሳይሆን ለብቻ ይነገረው።

«እግዚአብሔር ለአንቺ ነገረኝ» የሚል አለ። እዚህ ላይ አልለሳለስም፦ በዚህ ቡድን ማንም ለሌላው መልእክት አያመጣም። ስለ ጋብቻ፣ ስለ ጉዞ፣ ስለ ገንዘብ የተነገረ እንዲህ ያለ ቃል የሰው ሕይወት ሊያናጋ ይችላል። መሪው ወዲያውኑ «እያንዳንዳችን ለራሳችን የሰማነውን ብቻ እንናገር» ብሎ ያስቁም።

የሚያለቅስ አለ። ማልቀስ ችግር አይደለም። መሐረብ አቅርቡ፣ አትክበቡት፣ አትዘምሩበት፤ ዝምታው ይቀጥል። ከጦርነት፣ ከመፈናቀል ወይም ከአስቸጋሪ ስደት ላለፈ ሰው ግን ዓይን ጨፍኖ ዝም ማለት ራሱ ያንን ጊዜ መልሶ ሊያመጣበት እንደሚችል ዕወቁ። ዓይኑን ገልጦ ጧፉን ማየት፣ ከበሩ አጠገብ መቀመጥ፣ ተነሥቶ መውጣት እንደሚችል በመጀመሪያ ይነገረው። እንቅልፍ የሚነሣው፣ ከስብሰባው በኋላም ለቀናት የሚረበሽ ከሆነ የሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም ሐኪም እንዲያይ አግዙት። ጸሎቱን መተው የለበትም፤ ጸሎቱ ግን የሕክምና ምትክ አይደለም።

ደግሞ ዝምታው ውስጥ «አሜን» እና «ሃሌ ሉያ» የሚያስገባ፣ ወይም ውዳሴ ማርያሙን በከንፈሩ የሚያፈጥን አለ። ሁለቱም ከለመዱት ቤት የመጡ ናቸው፤ ሁለቱም ዝምታ ባዶ ስለሚመስላቸው ነው። በሦስተኛና በአራተኛው ሳምንት ብዙውን ጊዜ ራሱ ይረግባል።

በስልክ ለምትገናኙ

አሜሪካ ያሉ ብዙ ወገኖቻችን ገና ጎህ ሳይቀድ በስልክ መስመር ተሰባስበው ይጸልያሉ። በገልፍ አገሮች በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶች ደግሞ አሠሪዎቻቸው ከተኙ በኋላ በጆሮ ማዳመጫ ይገባሉ። ይህ ልምምድ በስልክም ይሠራል፤ ዝምታው ግን በስልክ ይበልጥ ያስፈራል፣ መስመሩ የተቋረጠ ስለሚመስል። መሪው ሁልጊዜ አስቀድሞ ይናገር፦ «አሁን 5 ደቂቃ ዝም እንላለን፤ መስመሩ አልተቋረጠም፤ ስጨርስ እኔ እጠራችኋለሁ።» ከመሪውና ከአንባቢው በቀር ሁሉም ድምፁን ይዝጋ። ተራው በስም ይጠራ፤ ፊት የማይታይበት ቦታ «ማን ይቀጥላል?» ከተባለ ሁለት ሰው አብሮ ይጀምራል፣ ከዚያ ሁለቱም ዝም ይላሉ። አራቱን ንባብ ወደ ሦስት፣ ጠቅላላውን ወደ 40 ደቂቃ ዝቅ አድርጉት። መቼ እንደምትጠራ የማታውቅ፣ መሃል ላይ ድንገት የምትወጣ እኅት ካለች ይቅርታ እንድትጠይቅ አታድርጓት።

ተግባር ለሚፈልግ ቡድን

አንዳንዱ ቡድን «ታዲያ ምን እናድርግ?» ሳይል አይረካም፤ ጥያቄው ትክክል ነው። ለእንዲህ ያለው የደቡብ አፍሪካው የሉምኮ ተቋም ያሰራጨው የሰባት ደረጃ መንገድ ይሻላል፤ በምሥራቅ አፍሪካ የካቶሊክ ትንንሽ ማኅበረሰቦች ዘንድ በሰፊው ይሠራበታል። ጌታን መጋበዝ፣ ማንበብ፣ ቃላትን መርጦ በጸሎት መድገም፣ ዝምታ፣ የሰሙትን መካፈል፣ ቡድኑ የተጠራበትን ተግባር መወያየት፣ በመጨረሻ መጸለይ ነው። ስድስተኛው ደረጃ ላይ ተግባሩ ትንሽና ስም ያለው ይሁን፦ ቅዳሜ የታመመችውን ጎረቤት ማን ይጠይቃል፣ ለእገሌ ልጅ ደብተር ማን ይገዛል። በሚቀጥለው ስብሰባ የመጀመሪያው ጥያቄ ተደረገ ወይ የሚለው ነው። አደጋው፣ ውይይቱ ሰዓቱን እየበላ ሄዶ አራተኛው ደረጃ፣ ዝምታው፣ ወደ ግማሽ ደቂቃ መጥበቡ ነው፤ ሰዓቱን ያዙ።

በሳምንቱ መካከልና ከዚያ በኋላ

ከስብሰባው ወደ ቤት የሚወሰደው አንዲቷ ቃል ናት። በወረቀት ጽፋችሁ በቦርሳ ያዙት፤ ታክሲ ስትጠብቁ፣ ሽንኩርት ስትከትፉ ደግማችሁ አስቡት። ለቀጣዩ ሳምንት የሚነበበውን ክፍል ማብራሪያ አንብቦ መምጣት ግን አይመከርም፤ ማብራሪያ ያነበበ ሰው ማብራሪያውን ሳይናገር አይወጣም።

መጀመሪያውኑ ለስምንት ሳምንት ብቻ ተስማሙ። ማለቂያው የማይታወቅ ቡድን ውስጥ ሰው በይሉኝታ ይቆያል፣ ከዚያ ያለ ስንብት ይጠፋል። በርጤሜዎስን በመጀመሪያው ሳምንት፣ ማርታና ማርያምን በሁለተኛው፣ ማዕበሉን በሦስተኛው፣ አንድ አጭር መዝሙር በአራተኛው፣ ኤልያስን በአምስተኛው፣ የጥብርያዶስን ባሕር ዳር በስድስተኛው ካነበባችሁ፣ በሰባተኛው በርጤሜዎስን እንደገና አንብቡ፤ የመጀመሪያውን ቀን ቃላችሁን ሳታስታውሱ አዲስ ብታነሡ ጥሩ ነው። በስምንተኛው ሳምንት ከንባቡ በኋላ ሁለት ጥያቄ ብቻ ይቅረብ፦ ማን ይቀጥላል፣ ቀጣዩን ዙር ማን ይመራል። የሚመራው ያው ሰው አይሁን። የሚወጣውን አትለምኑት፤ መርቃችሁ ሸኙት፣ ከዚያ ቡናውን አፍሉ።